ከግራ በኩል የሚያፏጭ ነገር

ባሌ «ይቺ መኪና ታፏጫለች» ሲለኝ በመጀመሪያው ቀን ሳቅሁበት። በሁለተኛው ግን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ፤ ታላቅ ወንድሙም የጀመረው እንዲሁ ነበርና።

ዋርሳዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ «ሬዲዮው ያፏጫል» አለ። ሬዲዮውን ለወጠ። ቀጥሎ «ስልኩ ነው» ብሎ ስልኩን ለሰው ሰጠ። ከዚያ የጎረቤቱን የውሃ ፓምፕ ጠረጠረና ከሰውየው ጋር ተኳርፎ ከረመ። ለካስ ፉጨቱ የሬዲዮም፣ የስልክም፣ የፓምፕም አልነበረም። እዚያው ከግራ ጆሮው ጀርባ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የበቀለ ዕጢ ነበር። ሐኪሞቹ ሲደርሱበት ረፍዷል። ባሌ ከቀብር ሲመለስ ደጃችን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን እንደጨበጠ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀረ። እኔም «ና ግባ» አላልኩትም፤ በሩን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ እንጂ።

እንግዲህ ያ ሰው፣ ያንን ሁሉ በዓይኑ ያየ ሰው ነው አንድ እሁድ ከእህቱ ቤት ስንመለስ፣ ከከተማ ውጭ ባለው ሰፊ መንገድ ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ይሰማሻል?» ያለኝ።

«ምኑ?»

«ፉጨቱ ነዋ። ቀጭን ፉጨት። በግራ በኩል።»

እኔ የሚሰማኝ ነፋስ ብቻ ነበር። ለምን ነፋስ ብቻ እንደሚሰማኝ ልንገራችሁ፤ ይቺን መኪና ካላወቃችኋት የኔን ኑሮ አታውቁትም።

ባሌ እኔን ከማግባቱ በፊት እሷን ነው የገዛው፤ እስከ ዛሬም ቅድሚያ የሚሰጠው ለሷ ነው። እኔ «አሮጊቷ» እላታለሁ፣ እሱ ይቆጣል። የወተት ቀለም ያላት፣ ዓይኖቿ ክብ፣ ወንበሯ ሲቀመጡበት እንደ አልጋ የሚያወዛውዝ፣ በሯ ሲዘጋ መንደሩ ሁሉ መምጣታችንን የሚያውቅባት መኪና ናት። በኔ በኩል ያለው የበር መስኮት ሲበላሽ ልጃችን ገና ትምህርት ቤት ነበረች፤ ዛሬ ባል አግብታለች። ማንሻውን ሳዞረው መስታወቱ ሸርተት ብሎ በሩ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ባሌ በፒንሳ ጎትቶ ሊያወጣው ሲታገል ጥጉን ሸረፈው፤ ከተሸረፈው ቦታም ስንጥቅ ወረደ። ከዚያ ወዲህ መስታወቱ በእንጨት ሽብልቅ ተደግፎ ቆሟል፤ ከላዩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት ክረምት ከበጋ ነፋስ ይገባል። እኔ ያለ ሻርፕ እዚያች መኪና ውስጥ ገብቼ አላውቅም። «ምናለ ብታስጠግነው» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ በጣም ሲጨንቀው ደግሞ «አየር ጥሩ ነው» ይለኛል። አየሩን የሚበላው እሱ አይደለማ።

በሱ በኩል ግን ሁሉም ነገር የተሟላ ነው። መስኮቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከመስኮቱ ወደ ፊት በኩል የድሮ መኪኖች ያሏቸው ያቺ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስታወት አለች፣ በእጅ ገፋ ተደርጋ የምትከፈት፤ የሷ ላስቲክ ያለቀ ጊዜ ባሌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቀድዶ፣ በማስቲሽ ለጥፎ፣ በገዛ እጁ ሠራላት። ቤታችን የመጣ እንግዳ ያቺን ሥራ ሳያይ አይሄድም። «ይኸው ስንት ክረምት አለፈ፤ ጠብታ ውሃ አላስገባችም» ይላል እየዳበሳት። እንግዳውም ምን ይበል፣ «እጅህን ይባርከው» ይላል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «ምንም አይሰማኝም» ስለው፣ «ያንቺማ ጆሮ በስፌት ማሽን ደንቁሯል» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን ማሽን ላይ ነው የጨረስኩት፤ ጆሮዬ ግን ከኔ ቤት አልፎ ጎረቤት የሚባለውን ይሰማል። ቢሆንም ተጠራጠርኩ። እውነትም የኔ ጆሮ ቢሆንስ ብዬ ተመኘሁ። ሰው የገዛ ጆሮው እንዲደነቁር ይመኛል? እኔ ተመኘሁ።

ስለዚህ ምስክር ፍለጋ ገባሁ። በሚቀጥለው እሁድ ልጃችንን ከኋላ አስቀመጥናት። «አባዬ፣ እኔ የሚሰማኝ የእማዬ መስኮት ነው» አለች። ባሏን ከፊት አስቀመጥነው፤ የኔን ሻርፕ አውሶ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሄደና ምንም ሳይሰማ ተመለሰ። ጋራዥ ስንወስዳት መካኒኩ ከባሌ ጎን ተቀምጦ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ከኔ የተሻለ ጤና አላት» አለ። መሪውን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ለመንኩት። መሪውን ከሚሰጥ እኔን ቢሰጥ ይቀለዋል።

 ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። መስታወት ፊት ቆሞ ሲላጭ ምላጩን ያስቀምጥና ትንሽ ጣቱን ግራ ጆሮው ውስጥ ጥርቅም አድርጎ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። አይቼ እንዳላየ አለፍኩ። በሌላ ቀን ጋዜጣ ይዞ እንደተቀመጠ አየሁት፤ ያው ጣት፣ ያው ጆሮ። «ምን ሆንክ?» ስለው «በላኝ» አለኝ።  መኪናው ውስጥ ብቻ ነው ይበል እንጂ ቤት ውስጥም ይሰማዋል ማለት ነው፣ ደብቆኝ ነው ማለት ነው፣ አልኩ። ወንድሙም ሬዲዮ ብቻ ነው ይል አልነበር።

ጎትቼ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኩት። «ጎትቼ» ስል የእውነት ነው፤ በኮቱ እጅጌ ነው የያዝኩት። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። በመብራት ውስጡን አየ፣ ንጹሕ ነው አለ። ከዚያ ወንድሙ በምን እንደሞተ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ፉጨቱ የሚሰማዎት መኪና ውስጥ ብቻ ነው?»

«መኪና ውስጥ ብቻ» አለ ባሌ።

«መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው ይሰማዋል?»

ባሌ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም «አይሰማኝም» ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እንደዚያ ቀን ጭንቅላቴ ከብዶኝ አያውቅም።

ሐኪሙ የጭንቅላት ምርመራ አዘዘ፤ ያንን ተኝተው የሚገቡበትን ትልቅ ማሽን። ወንድሙም እሱ ውስጥ ነው ገብቶ የወጣው፤ ባሌም ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ደረጃውን ስንወርድ ፊቱ ዐመድ መስሏል። መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ስሚኝ» አለ። «መጀመሪያ እሷን ላሠራት። የበሩን መስታወት፣ የመስኮቶቹን ላስቲክ በሙሉ። ነፋስ ከሆነ በዚያ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እኔ ብቻ ከሰማሁት ወደፈለግሽበት ውሰጂኝ። አንድ ቃል አልናገርም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ልጮህበት ነበር። ስንት ዓመት ነፋስ ስበላ ያላሠራው መስኮት ዛሬ ለሱ ጆሮ ሲሆን ትዝ አለው ብዬ ደሜ ሊፈላ ነበር። ግን አልፈላም፤ ፈርቶ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ፈርቼ ነበር።

ባለመስታወቱ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ጓንቴ» ነው የሚለው፤ በግራ እጁ ብቻ ጓንት ስለሚያደርግ። የቀኙስ ሲሉት «የቀኜን መስታወት ይፈራታል» ይላል። የሚያወራው ከሚሠራው አይተናነስም፤ ሥራውን ግን አይጠሉበትም። ግቢያችን ውስጥ የእንጨት ጠረጴዛችን ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ። ያመጣውን ትልቅ መስታወት ላዩ ላይ አጋደመ። ሁለት መስታወት ተጣብቀው መሃላቸው ስስ ፕላስቲክ ያለበት ዓይነት ነው፤ ቢሰበር እንኳ አይበተንም።

«ጋሼ፣ ዕድለኛ ነዎት» አለ። «የዛሬ መኪና መስታወት ጎባጣ ነው፣ ከፋብሪካ ካልመጣ አይሆንም። የርስዎ ግን ዝርግ ነው፣ እዚሁ ይቆረጣል።»

«እሷ የተሠራችበት ዘመን ሰው የሚያስብበት ዘመን ነበር» አለ ባሌ። መኪናዋን ያመሰገነለትን ማንንም ይወዳል።

ጓንቴ ማንሻውን ነቀለ። የበሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቢቴ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያለ አላቀቀው። ሆዷ ሲከፈት ያለውን ጉድ ባያችሁ። የደረቀ ቅጠል፣ ዝገት፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ያንን ሁሉ ቀን ልጄን «አንቺ ነሽ የደበቅሽው» ብዬ የጮህኩባት የልብስ ጠመኔዬ። ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ሆኗል። ሽብልቁን ሲያወጣ መስታወቱ ወደ ታች ዘጭ አለ፤ ባሌ የተመታ ያህል ዓይኑን ጨፈነ። ጓንቴ አጋድሞ በላይ በኩል አወጣው፤ አዲሱ ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን ምልክት አደረገ፤ መቁረጫውን አንድ ጊዜ ብቻ ክርር አድርጎ ሳበው። ገልብጦ በሌላው ፊትም እንዲሁ። የመሃሉን ፕላስቲክ በምላጭ ቆርጦ ሲጨርስ ጠርዙን በውሃ እያራሰ በድንጋይ አለሰለሰው። እኔ እዚያ ስቆም እጄ ማድረጊያ አጥቶ ሻርፔን እጠመዝዛለሁ። እያንዳንዱ ነገር በደንብ እንዲሠራ ለምኜ አላውቅም እንደዚያን ቀን። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ፉጨቱ ነፋስ ነው ጭንቅላት ነው ማለት አንችልም።

ቀጥሎ መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ባለ ጨርቅ ቦይ በበሩ ፍሬም ውስጥ አስገባ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ተኮማተረበት። አስወጣ፣ አስገባ፣ አሁንም ተኮማተረ።

«ጀርባውን ብጣው» አልኩት። «ኮሌታ ስትሰፋ ጥጉን ሳትበጣ ነው የምትገለብጠው?»

«እትዬ፣ እኔ መች ኮሌታ ሰፍቼ አውቃለሁ» አለ፤ በጣው፣ ልክክ ብሎ ገባ። «ቀጣሪ ካጡ ከኔ ጋር ይሥሩ» አለኝ። ባሌ ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

መስታወቱ ከላይ ገባ፤ በሩ ውስጥ ካለው የማንሻ ብረት ጋር ተያያዘ፤ ሽፋኑና የእጅ ማንሻውም ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ የበሮቹን ላስቲክ ጀመርን፤ የኔንም የሱንም። ሳሙና ውሃ በጣሳ አመጣሁ። ላስቲኩን እያራስን በአውራ ጣት ቦዩ ውስጥ መጫን ነው፤ ስትጎትተው ይለጠጥና በኋላ ያጥራል፣ ስለዚህ ቀለል አድርጎ መመገብ ነው። አንደኛውን በር ጓንቴ፣ ሁለተኛውን እኔና ባሌ ሠራን። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። መሃል ላይ ጣቶቻችን ተገናኙ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር፤ ከሳሙና ውሃው ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ።

ጓንቴ በመጨረሻ ከከረጢቱ አጭር ላስቲክ አወጣና ያቺን ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት በጣቱ ነካ አደረጋት።

«እሷን አትንካ» አለ ባሌ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የብስክሌት ጎማ ናት።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የሠራኋት። ጠብታ ውሃ አስገብታ አታውቅም። በውሃ ፈትናት ከፈለግህ።»

ጓንቴ ወደኔ አየ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ተዋት አንተ፣ በሷ አትምጣበት፤ ይልቅ ጨርስና እንሂድ» አልኩት። የቸኮልኩት መንገዱ ላይ ወጥተን የሚሆነውን ለማወቅ ነው። ሰውየው ሊነክሰው ከደረሰ ውሻ እንደሚሸሽ እጁን መለሰና ላስቲኩን ከፊት ወንበር ፊት ለፊት ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ለማንኛውም እዚህ ትቀመጥ» አለ። ባሌ የጣሳውን ውሃ ይዞ ትንሿ መስታወት ላይ ደፋባት። እውነትም ጠብታ አልገባም። «አየህ?» አለው።

ሁለታችን መኪናዋ ውስጥ ገብተን በሮቹን ስንዘጋቸው አዲሱ ላስቲክ ወፍሮ እንቢ አለ። በሁለተኛው ጠበቅ አድርገን ሳብናቸው፤ እንደ ድሮው መንደሩን የሚያሰማ ድምፅ የለም፣ ድብ ብለው ብቻ ተዘጉ። አየሩ ጆሮዬን ደፈን አደረገኝ። ማንሻዬን አዞርኩ። መስታወቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ልጃችን ትምህርት ቤት ከነበረችበት ጊዜ ወዲህ መስኮቴ ሲዘጋ ገና አሁን ማየቴ ነው። የመንገዱ ጫጫታ ራቀ። ጓንቴ ከውጭ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ የሚለው አይሰማንም። ለወሬኛ ሰው ጥሩ ቅጣት ነው ብዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ባሌ ሞተሩን ሳያስነሳ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ።

«አለ?» አልኩት።

«ቆማ ምን ታፏጫለች። ሰፊው መንገድ ላይ ነው የሚታወቀው።»

ለነገ አላሳደርነውም። ለጓንቴ እጃችንን አውለብልበን ከሰዓት በኋላ ወጣን። ከተማው ውስጥ መብራት፣ መኪና፣ እግረኛ። እኔ በልቤ ከአምላኬ ጋር ነገር ይዤ ነበር። ወንድሙን ወስደሃል፣ ይበቃሃል እያልኩ፣ እንደ ነጋዴ ስከራከረው ነበር። ቤት ያሉትን ምልክቶች ሁሉ በየተራ እቆጥራለሁ፤ ጣቱን፣ ጨፍኖ መቆሙን፣ «በላኝ» ማለቱን። ከዚያ የመጨረሻው አደባባይ አለፈ፤ መንገዱ ሰፋ፤ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ባሌ ነዳጁን ረገጠ። አሮጊቷ አጉረመረመች፣ ፈጠነች።

ፊቱን ነው የማየው። መንገዱን ማየት ትቼ ፊቱን ብቻ። መጀመሪያ ግንባሩ ተፈታ። ትንሽ ፈገግታም የመጣ መሰለኝ። ከዚያ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተገጠመ። ሳይነግረኝ አወቅሁ።

«አለ» አለ።

ክው አልኩ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እዚያው ቦታ። ግራ በኩል።» ድምፁ የሱ አይመስልም። «ቃሌ ቃል ነው። ሰኞ እንሄዳለን።»

 ልቅሶዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ፊት ዞርኩና መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ለልጃችን እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ። ሆስፒታል የምይዘውን ሻንጣ አሰብኩ፣ ከላዩ ላይ ያለውን የተሰበረ ዚፕ ሳልቀይረው መቅረቴን አሰብኩ። እሱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ እኔ ኮሪደሩ ላይ የምቆምበትን ቦታ፣ እሱ ለወንድሙ የቆመበትን ያንኑ ቦታ አሰብኩ። ሻርፔን ልጠቀልል አንገቴ ላይ እጄን ሳሳርፍ ነፋስ እንደሌለ አስተዋልኩ። ስንት ዓመት በጎኔ ሲጮህ የኖረው ነፋስ ጸጥ ብሏል።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ።

ቀጭን ነው። ማሰሮ ሊፈላ ሲል ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን ይመስላል። መጀመሪያ የራሴ ጆሮ መሰለኝ፤ ባላለቅስም እንኳ የታፈነ ልቅሶ ጆሮ ውስጥ ይጮሃልና። ከዚያ መንገዱ ትንሽ ሽቅብ ሲሆን መኪናዋ ደከመች፣ ፉጨቱም ደከመ።

«ቀንስ» አልኩት።

«ምን?»

«ፍጥነቱን ቀንስ ነው የምልህ።»

ቀነሰ። ፉጨቱ ጠፋ።

«ጨምር።»

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ጊዜ ያልኩህን አድርግ። ጨምር።»

ጨመረ። መጣ።  ቀበቶዬን ፈታሁና በጭኑ ላይ ተንጋድጄ ወደ ግራ በኩል አለፍኩ። «ኧረ መሪው፣ ኧረ ልትገድይን ነው» ይላል፤ አልሰማሁትም። መዳፌን ያቺ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ጠርዝ ላይ፣ ያቺ የተመሰገነች የብስክሌት ጎማ ላይ ጥርቅም አድርጌ ጫንኩ።

ፉጨቱ ቆመ።

«ቆመ» አለ ባሌ።

መዳፌን አነሳሁ። ፉጭ አለ።

«መጣ» አለ።

ደግሜ ጫንኩ። «አሁንስ?»

«ቆመ» አለ፤ ቀስ ብሎ ነበር ያለው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «አንቺ… ይሰማሻል?» አለኝ።

«ይሰማኛል። ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የኔ መስኮት ተዘግቷል እኮ።»

ዳር ያዘና አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጁን መሪው ላይ፣ ግንባሩን እጁ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ለወንድሙ ብቻ ነው፤ ያኔም ከቀብር መልስ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ጀርባውን አሻሸሁለት። አንዳንድ መኪና እያለፈ አሮጊቷን ነቅነቅ ያደርጋታል።

ቀና ሲል ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ቤት ውስጥ ጆሮዬን እየደፈንኩ አዳምጥ ነበር» አለ። «ውስጤ ያለ ከሆነ ስደፍነው ይሰማኛል ብዬ። መላጨት ስጀምር አዳምጣለሁ፣ ጋዜጣ ሳነብ አዳምጣለሁ። አንድም ቀን አልሰማሁም። ግን ደግሞ ነገ ቢመጣስ እላለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ፈርተሽ ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔማ…» አለ።

እኔ ጣቱን እያየሁ ስሰጋ ስከርም፣ እሱም ያንኑ የኔን ስጋት ሲያዳምጥ ኖሯል። ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ አንዱን ፍርሃት ለሁለት ተካፍለን፣ እያንዳንዳችን የራሳችን ብቻ መስሎን። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እሱም ሳቀ። እንባና ንፍጣችን ተደባልቆ እንደ ሕፃን ሳቅን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ጠብታ ውሃ አታስገባም አላልከኝም ነበር?» አልኩት።

«ውሃማ አታስገባም» አለ ኮራ ብሎ። «ነፋስ አላልኩም።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የጓንቴን ላስቲክ አወጣ። ገልብጦ አየው፣ እንደ ሽንፈቱ ምልክት አድርጎ አየው። ከወንበሩ ሥር ካቻቢቴ ፈልጎ ያቺን የብስክሌት ጎማ ሊልጣት ሲጎነበስ እጁን ያዝኩት።

«ተዋት።»

«ለምን? አሁኑኑ ትለወጥ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተዋት ነው የምልህ። ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን።»

ፊቱ እንደገና ሊጠቁር ሲል ቶሎ አልኩት፦ «ሐኪሙ ሌላ ሰው ይሰማዋል ወይ ብሎ ጠይቆ አልነበር? ያኔ መልስ አልነበረንም። ሄደን ‹ሚስቴ ትሰማዋለች› ትለዋለህ። እኔም አጠገብህ ተቀምጬ ‹አዎ፣ እሰማዋለሁ› እለዋለሁ። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካብኝ።»

ላስቲኩን መሳቢያው ውስጥ መለሰ፤ ሞተሩን አስነሳ። መንገዱን ይዘን ስንሄድ ቀስ እያለ ጨመረ፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች። ሻርፔን ከአንገቴ ፈታሁና አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። መስኮቴን ጥርቅም አድርጌ እንደዘጋሁ እስከ ቤታችን ድረስ ሁለታችንም ፉጨቱን እየሰማን ሄድን።